እትዬ ቤት የማይባለው ቃል

ተኚ እንግዲህ እላለሁ ለራሴ። አሁን ከተኛሽ አምስት ሰዓት ታገኛለሽ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ከተኛሽ ደግሞ ሩብ ይጎድልበታል፤ እንዲህ ሳሰላ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አለፈ። ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ሠርቼ፣ በሩ ላይ ጫማዬን አውልቄ፣ በገዛ ቤቴ እንደ ሌባ በእግር ጣቴ እየተራመድኩ ነው የገባሁት። አልጋዬን ለእትዬ ለቅቄያለሁ፣ ሶፋውን ለእታለም፣ በሶፋውና በቁም ሳጥኑ መሃል ያለችውን ወለል ኮሚቴ ለምንለው ለወንድሟ፤ እኔ ኩሽና ውስጥ ከማቀዝቀዣው ሥር ስፖንጅ አንጥፌ ጋደም ብያለሁ፣ ስገላበጥ እግሬ ምድጃውን ይመታል። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ለአንድ ሰው ይበቃል፣ ለሁለት ይጠባል፣ ለአራት ግን ጉድ ነው። እታለም በጠዋት ተነስታ ለሥራ ባልደረቦቿ ስጦታ ልገዛ ብላ ወጥታለች፣ እትዬ አልጋው ላይ ትስላለች፣ ኮሚቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧዬን እየፈታታ ነው። ሦስት ዓመት ጠብ ጠብ ሲል ዝም ያልኩትን ቧንቧ እሱ ሁለት ቀን አልቻለውም፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ «ይሄ ውሃ እኮ እኔን እየሰደበኝ ነው» አለኝ ትናንት። ካቻቢቴ የለኝም፣ በወጥ ቤት ቢላዬ ነው የሚሠራው፣ ቢላዋ ብረት ሲነካ ይሰማኛል። ነገ ጠዋት በባቡር ይሄዳሉ። ዛሬ ካልነገርኩት መቼም አልነግረውም። በስልክ የሚነገር ቢሆንማ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ነበረኝ።

እትዬ ያሳደገችኝ ናት። እታለም የመጀመሪያ ልጇ ናት፣ ኮሚቴ ሁለተኛው፣ እኔ ደግሞ ሦስተኛዋ ነኝ፣ ወይም አይደለሁም፣ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። እታለም ሌላ አገር ትኖራለች፤ ወረቀቷ ተስተካክሎላት እናቷንና ወንድሟን ለአንድ ወር ጋብዛ፣ ወደ እሷ ሲያልፉ እኔ ጋ ሦስት ቀን እንዲያርፉ ያመቻቸችው እሷው ናት፣ ልትቀበላቸውም እዚህ ድረስ መጣች። እኔ ወደዚህ አገር ከመጣሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመት ድምፃቸውን እንጂ ሽታቸውን አላውቀውም። ጣቢያው ላይ እትዬን ሳቅፋት ረጅም የነበረችው እሷ አጥራ፣ አገጬ አናቷ ላይ ዐረፈ። ኮሚቴ ከኋላዋ ሻንጣ በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ነበር፣ ጸጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ሻንጣውን ላስቀምጥ ወይስ ይዤ ልሳማት እያለ ሲያመነታ ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። ኮሚቴ ያልነው እኔና እታለም ነን፤ ከረሜላ ከሰጡት አሁን ይበላ ወይስ ነገ ብሎ ከሁላችንም ጋር ሳይመካከር አይልሰውም ነበር፣ ጣሪያው ሲያፈስ ጣሳ ይደቀን ወይስ ባልዲ ብሎ ስብሰባ ይጠራ ነበር፣ ውሳኔው እስኪወጣ ምንጣፉ ይርሳል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ አራታችንም አልጋው ላይ ሰፍረን ሻይ ስንጠጣ እትዬ ሥራዬን ጠየቀችኝ። ሆስፒታል ነው የምሠራው፤ ይህን ያውቃሉ፣ ሰፈር ውስጥ ነርስ ሆናለች ተብሎ ተወርቷል፣ እኔም ወሬውን አላፈረስኩትም። ትናንት ግን ዓይኗን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። ሐኪሞቹ ቀዶ ጥገና የሠሩበት ዕቃ ይመጣልኛል፣ መቀሱ፣ መቆንጠጫው፣ መርፌ መያዣው፣ አጥባለሁ፣ እቆጥራለሁ፣ በየሳጥኑ አሰናድቼ በእንፋሎት ማሽን አመክናለሁ አልኳት። «ምን ታደርጊያለሽ?» «ዕቃ አመክናለሁ።» «ዕቃ ድሮስ ይወልዳል እንዴ?» አለች እትዬ፣ ከልቧ ነው የጠየቀችው፣ እታለም ሻዩን ከአፍንጫዋ አወጣችው። ስቀን ስቀን ስናበቃ የነርሷ ነገር ሳይነሳ ቀረ፤ እኔ ዓመታት ሙሉ የፈራሁት ቀን በአንድ ሳቅ አለፈ። እንዲህ ቀላል ከነበረ ለምን ነው የፈራሁት?

ከዚያ ወዲያ ነው ልጅነት የተነሳው። ሦስታችን በአንድ አልጋ፣ ሁለቱ በራስጌ አንዱ በግርጌ፣ በግርጌ የሚተኛው ሌሊቱን ሙሉ አራት እግር ፊቱ ላይ ይዞ ያድራል። ሬዲዮኑ፤ ድንጋይ ሲጨርስ እትዬ ባትሪውን ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች። የእትዬ ሰዓት መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ የገባው በማን እጅ ነው የሚለው ጉዳይ ሠላሳ ምናምን ዓመት ሆኖት አሁንም ፍርድ አላገኘም፤ እታለም እሱ ነው ትላለች፣ እሱ እሷ ናት ይላል፣ እኔ ራሴ ነበርኩ፣ ትናንትም አልተናገርኩም። ኮሚቴ በድምፅ ብልጫ ይወሰን አለ። ይህን ሁሉ ስንል እታለም ድንገት፣ «እኔ እኮ እስከ ስምንት ዓመቴ እማዬ ነበር የምላት» አለች፣ ወደ እትዬ በአገጯ እየጠቆመች፤ «ይሄ ኮሚቴም እንደዚያው። ከዚያ አንድ ቀን ተነስታ ከዛሬ ጀምሮ ሁላችሁም እትዬ በሉኝ አለችን።» አንድ ቀን። ስምንት ዓመቷ ማለት እኔ እትዬ ቤት የገባሁበት ዓመት ነው። እኔ ትዝ ከሚለኝ ጀምሮ እትዬ ነው የምላት፣ ሰፈሩም እትዬ ይላታል፣ የወለደቻቸውም እትዬ ይሏታል፣ ስለዚህ የጎደለኝ ነገር እንዳለ ሳላውቅ ነው ያደግሁት። ኮሚቴ ያኔ አምስት ዓመቱ ነበር። እማዬ የሚላትን የነጠቅሁት እኔ ነኝ፤ ይህን በአርባ አንድ ዓመቴ፣ ሻይ እየጠጣሁ ሰማሁት።

እትዬ ቤት የማይባል ቃል ነበር። ስድብ አይደለም፤ ስድቡንማ እሷም ትሳደባለች፣ ያውም አሳምራ። የማይባለው «የአክስት ልጅ» የሚለው ነው። እናቴ የእትዬ ታናሽ እህት ነበረች፣ ሦስት ዓመቴ ላይ ሞተች፣ ፊቷ አይመጣልኝም። እንግዳ መጥቶ «ይህቺ የእህትሽ ልጅ ናት አይደል?» ያለ እንደሆነ እትዬ «የኔ ናት» ትልና የጀመረውን ሻይ ከፊቱ ታነሳበታለች። ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነው እኔ ራሴ ያልኩት። በመስኮቱ በኩል ማን ይተኛ ተባብለን ከኮሚቴ ጋር ስንጣላ፣ ትምህርት ቤት ልጆች የነገሩኝ ትዝ አለኝና፣ «አንተ ምን አገባህ፣ አንተ እኮ የአክስቴ ልጅ ነህ!» አልኩት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። እትዬ አልመታችኝም፤ ሻሿን ከራሷ ፈታችና የእኔን ግራ እግር ከእሱ ቀኝ እግር ጋር ቁርጭምጭሚታችን ላይ ጥፍር አድርጋ አሰረችው፤ «ሂዱና ነጭ ጋዝ ገዝታችሁ ኑ። ከአንድ ሆድ እንደወጣ ሰው እስክትራመዱ አልፈታችሁም።» ደጅ ሳንደርስ ወደቅን። ሱቁ ጋ ሳንደርስ ሁለቴ ወደቅን፣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ተከተለን፣ ባለሱቁ ጋዙን እየቀዳ በሳቅ ደፋው። ስንመለስ ግን ኮሚቴ «ያንቺን፣ የኔን፣ ያንቺን፣ የኔን» እያለ ይቆጥራል፣ እኔ እከተለዋለሁ፣ ማታ ላይ በዚያው እግራችን ግቢውን ስንዞር እንሮጥ ነበር፣ እትዬ ልፍታችሁ ስትለን አይሆንም አልናት። ትናንት ኮሚቴ ይህን ታሪክ ከነአወዳደቃችን ቆሞ እየሠራ አሳየን። ሲጨርስ፣ «ግን ምን አጥፍተን ነበር?» አለ። እታለም አላውቅም አለች። እትዬ ብርጭቆዋን እያየች «ረሳሁት» አለች። እትዬ፣ በየትኛው ዓመት የትኛዋ ጎረቤት ወንፊት ተውሳ እንዳልመለሰች የምትቆጥረው እትዬ፣ ረሳሁት አለች። እኔም ሻይ ልጨምርላችሁ ብዬ ተነሳሁ።

የቢላዋው ድምፅ ቆሟል። ምን እያደረገ ነው? ተኚ። እዚህ በመጣሁ በአምስተኛው ዓመት መመሪያ ወጣ፤ ሆስፒታል ውስጥ አምስት ዓመት የሠራ ሰው አንድ ወንድሙን ወይም አንዲት እህቱን ማስመጣት ይችላል። ወንድም ወይም እህት፣ ሌላ የለበትም። ቅጹ ላይ ከዝምድናው ፊት ለፊት «ወንድም» ብዬ የኮሚቴን ስም ስጽፍ አላመነታሁም፣ ለእኔ እኮ ውሸት አልነበረም። በስልክ ስነግራቸው እትዬ እልል አለች፣ ኮሚቴ ብቻ «ቆይ፣ እንመካከርበት» አለ፣ እስከ ማግስቱ ተመካክሮ እሺ አለኝ። ከውሃ ልማት መሥሪያ ቤቱ ለቀቀ፣ ጓደኞቹ ሻንጣ ገዝተው ሸኙት፣ ሰፈሩ በእንባ ተሰናበተው። ከዚያ እኔን ማመልከቻውን የሚያየው ቢሮ ጠራኝ። ወንበሩ ከወለሉ ጋር የተበየደ ነው፣ ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም፣ ግድግዳው ላይ ሐሰተኛ መግለጫ የሰጠ ይህን ያህል ይቀጣል የሚል ጽሑፍ። አስተርጓሚው የእኛው ሰው ነው፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የሳሳ፣ የማንም አጎት የሚመስል። ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠችው ሴትዮ በአጭሩ ጠየቀች፤ እሱ ወደ እኛ ቋንቋ ሲያመጣው ረዘመ፤ «እህቴ፣ ወንድሜ ነው ያልሽው ሰው የእናትም የአባትም ነው ወይስ በአንድ በኩል ነው ወይስ እንዴት ነው ነገሩ?» እንዴት ነው ነገሩ። ከዚያ በዘጠኝ ዓመቴ ያልኩትን ቃል ደገምኩት፤ «የአክስቴ ልጅ ነው።» ሰውየው ወዲያው አልተረጎመውም። ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንደሱ ልበላት? በእኛ እኮ ያው ወንድም ማለት ነው» አለኝ። የማምለጫ በር ከፍቶ እየጠበቀኝ ነበር። «እንደሱ በላት» አልኩት።

ደብዳቤው የመጣው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እዚህ የተሰጠው ቃልና እዚያ የተሰጠው ቃል አይጣጣምም፤ አመልካቹ ሆን ብሎ ሐሰተኛ ቃል ስለሰጠ ለአሥር ዓመት ማመልከት አይችልም። እሱንም እዚያ ጠርተው ያንኑ ጥያቄ ጠይቀውታል፣ እሱ እህቴ ናት ብሏል። እኔ እውነተኛ፣ እሱ ውሸታም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እውነት እያደረ የጠቆረው ለምን ይሆን? ደወልኩና፣ «ኮታው ሞልቷል አሉኝ» አልኳቸው። ቢሮ ውስጥ እውነት ተናግሬ ለቤቴ ዋሸሁ። «ምን ይደረግ፣ አላለልንም» አለ ኮሚቴ። ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም፣ ስብሰባም አልጠራም። የለቀቀበት ቦታ ሰው ተቀጥሮበት ነበር፣ ያንን ሻንጣ ይዞ በየቤቱ ቧንቧ መጠገን ጀመረ፣ መፍቻውን የሚይዘው በሽኝት ባገኘው ሻንጣ ነው፣ ሰፈሩ «ተመላሹ» ይለው ነበር አሉ፣ ሳይሄድ ተመላሽ። በኋላ አገባ፣ ወለደ፣ የልጆቹን ፎቶ በየጊዜው ይልክልኛል። እኔ በየእሑዱ እደውላለሁ፤ እትዬ ሁልጊዜ «ልጄ» ብላ ነው ስልኩን የምታነሳው፣ ያቺ ልጄ የምትላት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ታቃጥለኛለች፣ አታውቅማ፣ ብታውቅ ትለኝ ነበር?

ፈርቼ ነው እላለሁ ለራሴ። ጽሑፉን አይቼ፣ ቢደርሱብኝ ብዬ፣ እሱንም እኔንም እንዳይቀጡን ብዬ። ዝም ብለሽ ነው፣ ደግሞ ለማን ነው የምታስመስይው፣ ኩሽና ውስጥ ብቻሽን ተጋድመሽ? የዚያን ዕለት ጠዋት ወደ ቢሮው ከመሄዴ በፊት ክፍሌን አየኋት። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሹካ፣ አንድ ትራስ። ሊመጣ ነው ብዬ አሰብኩ፤ መጥቶ ነርስ አለመሆኔን ያያል፣ ከሥራ ስገባ ከማንም ጋር ሳልነጋገር ግድግዳ እያየሁ የምቀመጣትን ያቺን አንድ ሰዓት ይወስድብኛል፣ ቋንቋ አስተምሪኝ፣ ሥራ ፈልጊልኝ፣ ይህን እንመካከርበት ይለኛል። ደከመኝ። ገና ሳይመጣ ደከመኝ። ያኔ አስተርጓሚው በሩን ከፍቶ ሲጠብቀኝ ያላለፍኩት ፈርቼ አልነበረም፣ እግሬ አልፈለገም።

ተነሳሁ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ክፍት ነው። ኮሚቴ ወለሉ ላይ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ ውሃውን ከላይ ዘግቶታል፣ የቧንቧውን አካላት በሙሉ ፎጣዬ ላይ በተርታ ደርድሯቸዋል።

«አልተኛሽም እንዴ? እኔ ነኝ የረበሽኩሽ?»

«አንተ አይደለህም።»

«ጎሚኒው አልቋል» አለና ጥፍር የምታክል ጥቁር የላስቲክ ቀለበት በጣቱ ይዞ አሳየኝ። «ይቺ ናት ሦስት ዓመት ያስለቀሰችሽ።»

«ኮሚቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ንገሪኝ።»

«ኮታው አልሞላም ነበር።»

ቀና አላለም። ጎሚኒዋን ወደ መብራቱ አዙሮ አያት። «አውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«የአክስቴ ልጅ ነው ማለትሽን።» ቃሉን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው፤ ከግድግዳው ማዶ እትዬ አለች። «እኔን የጠሩኝ ዕለት ምስክር አምጣ ስላሉኝ እትዬን ይዤ ነው የሄድኩት። ሰውየው ወረቀት አንብቦ፣ እዚያ ያለችው ሴት የአክስቴ ልጅ ነው ብላለች፣ ወንድም የተባለው የአተረጓጎም ስህተት ከሆነ አሁኑኑ አስተካክል፣ ምንም አንልህም አለኝ። እውነቷን ነው፣ የአክስቴ ልጅ ናት ብል ወረቀቴን መልሶልኝ በሰላም እወጣ ነበር። እትዬ አጠገቤ ተቀምጣለች። እሷ ፊት እንዴት ብዬ ልበለው?»

«እትዬ ሰማች?»

«ከእኔ ቀድማ ነው የመለሰችው። ልጄ ናት አለች። እኔም እህቴ ናት አልኩ። ሰውየው መዝገቡን ዘጋው።»

አሥራ ሁለት ዓመት። በየእሑዱ። ልጄ እያለች ስልኩን ስታነሳ። ቁጭ አልኩ፣ ከእሱ ፊት ለፊት፣ እርጥቡ ወለል ላይ። ለምን ዝም አላችሁ ልለው ፈለግኩ፤ ዝም ያልኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?

«አንድ ነገር ብቻ እስከ ዛሬ አልገባኝም» አለ። አሁን ቀና ብሎ አየኝ። «ፈርተሽ ነው ወይስ እንድመጣ አልፈለግሽም ነበር?»

ፈርቼ ነው ብለው ያምነኛል። ለማመን ተዘጋጅቶ ነው የጠየቀኝ፣ ፊቱ ላይ ይታያል፣ እሱም እንደ አስተርጓሚው በሩን ከፍቶልኛል።

«አልፈለግኩም» አልኩት።

ጎሚኒዋን በወረቀት ጠቀለላት፣ ኪሱ ከተታት፣ ተነስቶ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ይቺን የመሰለች የት ትሸጣለች?»

«ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ከቀለም መሸጫው አጠገብ። አብሬህ ልሂድ፣ ቋንቋውን አታውቀውም።»

«ጎሚኒ ቋንቋ አይፈልግም» አለና ወጣ። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው። ደረጃው ላይ ኮቴው ሲወርድ ቆሜ ሰማሁት፤ ምነው በሩን ባላጋው፣ ቢሰድበኝ እንዴት ደስ ባለኝ።

«ነይ ወዲህ» አለች እትዬ ከክፍሉ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ እግሯ ወለሉን አይነካም። «ግድግዳሽ ወረቀት ነው፣ ሁሉንም ሰማሁ» አለች። አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ ተቀመጥኩ። ይቅር በዪኝ ለማለት አፌን ስከፍት እጇን አነሳችብኝ።

«ዝም በይና ስሚ። እናትሽ ስትሞት አጎትሽ ነው ይዞሽ የመጣ። ሁለት ልጅ አለኝ፣ አባታቸው ትቶኝ ሄዷል፣ የማበላቸው አጥቼ ዞሮብኛል። አልፈለግኩሽም። በአፌ አላልኩትም፣ ሰው ይታዘበኛል፣ በሆዴ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ስምሽን አልጠራሁም። ለእህቴ ልጅ ውሃ ስጧት፣ የእህቴን ልጅ አስተኟት እል ነበር። በአራተኛው ቀን ይሄ ልጅ፣ ያኔ ይቺን የሚያክል፣ ወደ እኔ መጣና፣ እማዬ፣ የአክስቴ ልጅ አልቅሳ አልቅሳ ተኛች አለኝ። ከእኔ ለምዶት ነው። ደነገጥኩ። ሕፃን አፍ ላይ ስሰማው ጊዜ ደነገጥኩ።» ሳለች፣ እስኪያልፍላት ጠበቅኩ። «ያን ቃል የከለከልኩት ለእናንተ መስሎሽ ነው? ራሴን ነው የከለከልኩት። እኔ እንዳልለው ነው።»

«ቢሮ ውስጥ ሲያነቡልሽስ? እኔ እንዳልኩ ሲነግሩሽ?»

«የእጄን አገኘሁ አልኩ።»

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ስታወራ አታለቅስም፣ ድሮም እንደዚሁ ናት፣ ለቅሶና ወሬ አታቀላቅልም። ጉልበቴን ያዘች። ከዚያ በኋላስ፣ መቼ ነው የፈለግሽኝ አልኳት። እንጃ አለች፣ ቀኑን አላውቀውም፤ አንድ ጊዜ ሦስታችሁም ከግንብ ላይ ወደቃችሁ፣ ስነሳ እግሬ ቀድሞ ወዳንቺ ሮጠ፣ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። «አሁን ትፈልጊዋለሽ?» አለችኝ።

«እፈልገዋለሁ።»

«ታዲያ ለእኔ ምን ታወሪያለሽ?»

በነጠላ ጫማ ወረድኩ። በዚህ ሰዓት መንገዱን አላውቀውም፤ ሁልጊዜ የምተኛበት ሰዓት ነው፣ ሱቆቹ በራቸውን ከፍተዋል፣ አንድ ሰው መስኮት ይወለውላል፣ ሴቶች ዘንቢል ይዘው ያልፋሉ፣ አሥራ ሰባት ዓመት ከጀርባዬ እንዲህ ያለ ቀን ሲኖር ኖሯል። እስከ ሁለተኛው መታጠፊያ ሮጥኩ። ቢጠፋስ፣ ተናዶ ዝም ብሎ ቢሄድስ፣ ስልኩን እንኳ አልያዘም። ሱቁ ውስጥ ነው። ሻጩ በትናንሽ ክፍል የተከፋፈለ ሳጥን አውጥቶለት ሁለቱም ሳጥኑ ላይ አጎንብሰዋል፣ ኮሚቴ የድሮዋን ጎሚኒ ከእያንዳንዷ ጋር እየለካ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሻጩም ይነቀንቃል፣ ተግባብተዋል። አጠገቡ ቆምኩ። አላየኝም እንጂ መምጣቴን አውቋል፣ ትከሻው ነገረኝ።

«ያኔ አልፈለግኩም» አልኩት፣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «በኋላ ግን ፈለግኩ። ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ሥራ ቦታ አንድ የሚያስቅ ነገር አየሁና ለአንተ ልነግርህ ዞር አልኩ። የለህም። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እፈልጋለሁ። አሁንም እዚህ ብትኖር እፈልጋለሁ።»

አንዷን ጎሚኒ አነሳ፣ ለካት፣ ልክ ናት። ለሻጩ አሳየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ድምፁ ግን ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነበር።

«አሁንማ ልጆች አሉኝ» አለኝ።

«አውቃለሁ።»

«ትልቋ ምን ያለች አኩራፊ መሰለችሽ። ካጠፋች ወር ሙሉ አትናገርም፣ ሆዷ ውስጥ ይዛው ትዞራለች፣ በኋላ አንድ ቀን ድንገት ሮጣ መጥታ ታፈርጠዋለች። እናቷ ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች፣ ይህቺ ልጅ በማን ወጣች እያለች።»

«ምን ትላታለህ?»

«በአክስቷ እላታለሁ» አለኝ።